ጅማትና አከርካሪ ሲጠገኑ፦ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያሉት ሳምንታት

በገሱባ ከተማና በኦፋ ወረዳ ቀበሌዎች ለሚያገለግል ሰበካ ጉባኤ የሕክምና እርዳታ ጥያቄ እንግዳ ነገር አይደለም። ጣቱን ማጭድ የቆረጠው ገበሬ፣ ከዛፍ የወደቀ ወጣት፣ ጀርባዋ ቀስ በቀስ እየጎበጠ የመጣ ልጅ፣ እግሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ የተወለደ ሕፃን ወላጆች ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይመጣሉ። ጉባኤውም ወደ ወላይታ ሶዶ መሄጃ፣ ሲቻል ደግሞ ለቀዶ ጥገናው የሚሆን ገንዘብ ከምእመናን ያሰባስባል። ሕመምተኛው ታክሞ ሲመለስ ምስጋና ይቀርባል፣ ጉዳዩም እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል። እኛ ግን ጉዳዩ በዚያች ቀን ተፈጸመ ብለን አናምንም። የተሰፋ ጅማትም ሆነ በብረት የተደገፈ አከርካሪ መዳኑ ወይም መበላሸቱ በአብዛኛው የሚወሰነው ሕመምተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነውና።

ይህን ያሳየው ባዮሜካኒክስ የሚባለው የጥናት ዘርፍ ነው። ዘርፉ የሰውነት ክፍሎች ምን ያህል ጫና እንደሚሸከሙ፣ ምን ያህል እንደሚለጠጡ፣ በየትኛው ጫናም እንደሚበጠሱ ይለካል። መሐንዲስ ስለ ድልድይ የሚጠይቀውን ጥያቄ ተመራማሪው ስለ አጥንትና ስለ ጅማት ይጠይቃል። የጥናቱ ውጤት ለሐኪም ብቻ የተተወ ቢመስልም፣ ሕመምተኛው መቼ ዕቃ ማንሳት፣ መቼ መስገድ፣ መቼ ወደ እርሻው መመለስ እንደሚችል የሚነግረን እርሱ ስለሆነ ካህናትንና የጉባኤ አባላትን በቀጥታ ይመለከታል።

አስቀድመን አንድ ቃል እናጥራ። በአማርኛችን «ጅማት» የሚለው ስም ለብዙ ነገር ይውላል፤ አንዳንዱ ነርቭን፣ አንዳንዱ የደም ሥርን ሳይቀር ጅማት ይላል። በዚህ ጽሑፍ ጅማት የምንለው ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውን ነጭ ገመድ ነው። ጡንቻው ይሰበሰባል፣ ጅማቱ ይሳባል፣ አጥንቱ ይንቀሳቀሳል። የአሠራሩን ነገር ለመረዳት በወላይታ ቤቶች የሚገኘውን ከእንሰት ቃጫ የተገመደ ገመድ መመልከት ይበቃል። እያንዳንዷ ቃጫ በጣት የምትበጠስ ስትሆን፣ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ሲገመዱ ግን በሬ ያስራሉ። ጅማትም ኮላጅን ከሚባሉ እጅግ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው። የተረከዛችን ጅማት በሩጫ ጊዜ ከሰውነት ክብደት አሥራ ሁለት እጥፍ ገደማ የሚደርስ ጫና ሲሸከም በፊንላንድ ተመራማሪዎች ተለክቷል። ይህን ያህል ብርቱ የሆነው ገመድ ግን በስለት ተቆርጦ ሲቀጠል ቋጠሮ እንዳለበት ገመድ ይሆናል፤ ጥንካሬው የሚለካው በቋጠሮው ነው።

ከጅማቶች ሁሉ ለሐኪሞች አስቸጋሪ የነበረው ጣትን ወደ መዳፍ የሚያጥፈው ጅማት ነው። ይህ ጅማት ሰይፍ በአፎቱ ውስጥ እንደሚገባና እንደሚወጣ ሁሉ በጠባብ ቱቦ ውስጥ ይንሸራተታል። ሲቆረጥና ሲሰፋ ጠባሳው ከአፎቱ ጋር ይጣበቃል፤ ጅማቱ ቢድንም ጣቱ ደርቆ ይቀራል። ስለዚህም የ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ሐኪሞች ያንን የጣት ክፍል ባለቤት የሌለው መሬት ብለው ሰይመውት ነበር፤ በዚያ ስፍራ የተቆረጠውን ጅማት ወዲያው መስፋት አይመከርም ነበር። ሐሳቡ የተለወጠው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በስዊዘርላንድ ክሎድ ቬርዳን፣ በአሜሪካ ደግሞ ሃሮልድ ክላይነርት ወዲያው ሰፍተው መልካም ውጤት ማግኘታቸውን ባሳዩ ጊዜ ነው። የክላይነርት ዘዴ ቀላል ነበር። የጣቱን ጥፍር በላስቲክ ከእጅ አንጓ ጋር ያያይዛል። ሕመምተኛው ጣቱን በራሱ ኃይል ይዘረጋል፣ ላስቲኩ ደግሞ መልሶ ያጥፈዋል። በዚህም የተሰፋው ጅማት ሳይጎተት በአፎቱ ውስጥ ይንሸራተታል፣ አይጣበቅምም።

እዚህ ላይ ነው መለኪያው ወሳኝ የሚሆነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ጥናት፣ በእጅ አንጓ ቀዶ ጥገና ላይ ባሉ ሕመምተኞች ጅማት ላይ መለኪያ ተደርጎ ጣታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ተጠየቁ። ሌላ ሰው ጣታቸውን ሲያጥፍላቸው በጅማቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ከአንድ ኪሎ ግራም በታች ነበር። ራሳቸው ያለ ምንም ዕቃ ሲያጥፉት እስከ 3.5 ኪሎ ገደማ ደረሰ። በሁለት ጣት አንድ ነገር ቆንጥጠው ሲይዙ ግን ወደ 12 ኪሎ ወጣ። አሁን ይህን ከስፌቱ አቅም ጋር እናነጻጽር። በጅማቱ ውስጥ ሁለት ክር የተሻገረበት ስፌት 2.5 ኪሎ ገደማ፣ አራት ክር የተሻገረበት ደግሞ 4.3 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። ያውም በመጀመሪያው ቀን ነው። የተቆረጠው የጅማት ጫፍ በመጀመሪያው ሳምንት ስለሚለሰልስ የስፌቱ አቅም ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ መልሶ የሚጠነክረው ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ነው። ይህን መለስለስ ሜሰንና አለን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1941 በእንስሳት ላይ አሳይተውታል።

እንግዲህ የተሰፋለት ገበሬ በአሥረኛው ቀን ሕመሙ ቀለል ሲልለት ማረሻ ቢጨብጥ፣ ወይም እናት ልብስ ብትጨምቅ፣ ስፌቱ ከአቅሙ ብዙ እጥፍ ይጎተታል። በአንድ ጊዜ ባይበጠስም ጫፎቹ ይራራቃሉ፤ ክፍተቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ደግሞ ጅማቱ በሚቀጥሉት ሳምንታት ማግኘት የሚገባውን ጥንካሬ እንደማያገኝ ጥናቶች ያመለክታሉ። በተቃራኒው ሕመምተኛው ፈርቶ ጣቱን ለስድስት ሳምንት ጨርሶ ሳያንቀሳቅስ ቢቀመጥ ጣቱ ደርቆ ይቀራል። መንገዱ በሁለቱ መካከል ነው፤ ባለሙያው በሚያሳየው ልክ በየቀኑ በቀስታ ማንቀሳቀስ፣ ነገር ግን ምንም አለመያዝ። አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ሥራ ከስድስተኛው ሳምንት፣ ከባድ ሥራ ከአሥራ ሁለተኛው ሳምንት በፊት አይፈቀድም። አሥራ ሁለት ሳምንት ማለት ለአንድ ገበሬ አንድ የእርሻ ወቅት ነው። ስለዚህ ጉባኤው ለጉዞ ከሚያወጣው ገንዘብ ይልቅ የዚያን ሰው ማሳ የሚያርስለትን ደቦ ማስተባበሩ የበለጠ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ዕርሻው ሲያረጅበት እያየ እጁን አሳርፎ የሚቀመጥ ገበሬ ማግኘት አይቻልምና።

ከዚያ በፊት ግን ጉዳቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ትንሽ የምትመስል የጣት ወይም የእጅ አንጓ ቁስል ጅማት ቆርጣ ሊሆን ይችላል። የተጎዳው ሰው እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ ማጠፍና መዘርጋት ካቃተው፣ ቁስሉ ቢደርቅም ወደ ሐኪም መሄድ አለበት፤ በተቻለ መጠን በዚያው ቀን ወይም በቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት። ሳምንታት ካለፉ ጡንቻው የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ላይ ስቦ ስለሚወስደው አገጣጥሞ መስፋት አስቸጋሪ ይሆናል። ደሙን ለማቆም የቡና ዱቄት መነስነስ ቁስሉን ከማቆሸሽ በቀር አይጠቅምም። ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ በእጅ መጫንና እጁን ከፍ አድርጎ መያዝ ይበቃል።

ስለ ወጌሾች በጥንቃቄ መናገር እንወዳለን። ወጌሻ በአካባቢው የተከበረ፣ በሌሊትም ተጠርቶ የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜም ዋጋ የማይጠይቅ ሰው ነው። የተቆረጠ ጅማት ግን በእሽትም በእስራትም አይገናኝም። የተሰበረ አጥንት በቀርከሃ ሲታሰር ደግሞ ዋናው አደጋ እስሩ መጥበቁ ነው። እጅና እግር ከስብራት በኋላ ስለሚያብጥ፣ ሲታሰር ልክ የነበረው እስር በማግስቱ ደም የሚያግድ ይሆናል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከታሰረ በኋላ ከበረታ እስሩ በዚያው ሰዓት መፈታት አለበት፤ እስኪነጋ መጠበቅ እጅን ወይም እግርን ሊያሳጣ ይችላል። ዶክተር መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ጥገና መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ በአገራችን ለወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ብቻ ከተሰጠ በኋላ በእስራት ምክንያት በስብሶ ለመቆረጥ የሚዳረግ የአካል ጉዳት መቀነሱን አሳይተዋል። አንድ ቀን! ወጌሻውን ከማውገዝ ይልቅ በሰንበቴው ወይም በማኅበሩ ላይ አስቀምጦ ከጤና ባለሙያ ጋር ማነጋገር የሚያስገኘውን ጥቅም ይህ ጥናት በግልጽ ያስረዳል።

ወደ አከርካሪ እንለፍ። ከዳሌ በላይ ያለው አከርካሪ 24 ተንቀሳቃሽ አጥንቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው የቆሙበት ዓምድ ነው፤ በመካከላቸውም ዲስክ የሚባል ለስላሳ ትራስ አለ፤ በውስጡ ሕብለ ሰረሰር ያልፋል። ብዙ ሰው ሰውነታችንን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ይህ አጥንት ብቻ ይመስለዋል። ተመራማሪዎች ጡንቻው የተነሣለትን የወገብ አከርካሪ በላብራቶሪ አቁመው ከላይ ሲጫኑት ግን 9 ኪሎ ገደማ በሆነ ክብደት ተጣመመ። ዘጠኝ ኪሎ አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን ክብደት ነው። ቀጥ ብለን የምንቆመው እንግዲህ ድንኳን በአውታሩ እንደሚቆም የጀርባና የሆድ ጡንቻዎች በየአቅጣጫው ወጥረው ስለሚይዙን ነው።

ዲስኩ ላይ የሚያርፈውን ጫና በሕያው ሰው ላይ አስቀድሞ የለካው ስዊድናዊው አልፍ ናኬምሰን ነው፤ ጊዜውም 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በጀርመን ሃንስ-ዮአኪም ቪልከና ባልደረቦቹ በአንድ ፈቃደኛ ሰው ዲስክ ውስጥ መለኪያ ተክለው የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴውን ተከታተሉ። በመኝታ ጊዜ የነበረው ጫና በመቆም ጊዜ ወደ አምስት እጥፍ አደገ። 20 ኪሎ ዕቃ ጎንበስ ብሎ ሲያነሣ ከመቆሙ ጊዜ ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ። ያንኑ ዕቃ ጉልበቱን አጥፎ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ሲያነሣ ጫናው በሩብ ያህል ቀነሰ፤ ካነሣው በኋላ ወደ ደረቱ አስጠግቶ ሲይዘው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ካነሣበት ጊዜ ከግማሽ በታች ወረደ። ሃያ ኪሎ ማለት ሴቶችና ልጆች በየቀኑ ከምንጭ የሚያመላልሱት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ጀሪካኑን ከመሬት ላይ የማንሻ ከፍ ያለ ድንጋይ ወይም ግንብ በምንጩ ዳር መሥራት ለልማት ኮሚቴ ቀላል ሥራ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ማንሳትን ግን ሙሉ በሙሉ ሊያስቀር ይችላል።

መቋሚያም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ቅዳሴውን ወይም ማሕሌቱን በመቋሚያ ተደግፎ የሚያደርስ ሽማግሌ የላይኛውን አካሉን ክብደት በከፊል በእንጨቱ በኩል ወደ መሬት ያወርዳል፣ የጀርባ ጡንቻዎቹም ያን ያህል አይወጠሩም። አባቶቻችን መቋሚያን ያዘጋጁት ለሌላ ምሥጢር ቢሆንም ለወገብም ማረፊያ መሆኑ አያከራክርም። በወገብ ሕመም የሚሠቃዩ ምእመናን ቆሞ በማስቀደስ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን እንዳይርቁ መቋሚያ ማቅረብ፣ አግዳሚ ወንበር ማኖርም ከሰበካ ጉባኤ አቅም በላይ አይደለም።

ከባዱ ነገር ግን ከዛፍ መውደቅና የሞተር ብስክሌት አደጋ ነው። ከወደቀ በኋላ ጀርባውን ወይም አንገቱን አጥብቆ የሚያመው፣ ወይም እግሩን ማንቀሳቀስ የተሳነው ሰው አከርካሪው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። አጥንቱ ተሰብሮ ሕብለ ሰረሰሩ ግን ገና ያልተነካ ሊሆን ይችላል፤ ሕብለ ሰረሰሩ የሚጎዳውም አንዳንድ ጊዜ ረዳቶች በክንድና በእግር ይዘው ሲያነሡት፣ ወይም በሞተር ላይ በሁለት ሰው መካከል ሲያስቀምጡት ነው። እንዲህ ሲደረግ የተሰበረው ዓምድ ይታጠፋልና። ስለዚህ በርከት ያሉ ሰዎች ራሱን፣ ትከሻውን፣ ዳሌውንና እግሩን በአንድነት ይዘው እንደ ግንድ ሳይጣመም አንከባልለው በጠንካራ ሳንቃ ወይም በእድሩ ቃሬዛ ላይ ማድረግ አለባቸው፤ በራሱ ግራና ቀኝ የተጠቀለለ ጋቢ ይደረግና ራሱ እንዳይንቀሳቀስ ይያዛል። ቃሬዛው ጨርቅ ብቻ ከሆነና መሐሉ የሚረግብ ከሆነ ሳንቃ ይነጠፍበት። እድሮች ይህን አንድ ቀን ቢለማመዱት መልካም ነው።

በሆስፒታል የሚደረገው ቀዶ ጥገና ብዙ ጊዜ በአከርካሪው አጥንቶች ውስጥ ብሎን አስገብቶ በዘንግ ማያያዝ ነው። ብረት ስለሆነ ሕመምተኛውና ቤተሰቡ «ከእንግዲህ አይሰበርም» ብለው ያስባሉ። ቀጭን ሽቦን አንድ ጊዜ ማጠፍ አይሰብረውም፤ ደጋግመው ሲያጥፉት ግን ይሰበራል። በአከርካሪ ውስጥ ያለ ዘንግም በእያንዳንዱ ጎንበስ ማለት በጥቂቱ ይታጠፋል። ብረቱ የተሠራው አጥንቱ እስኪያያዝ ድረስ ለወራት ጫናውን እንዲጋራ እንጂ ለዘላለም ብቻውን እንዲሸከም አይደለም። አጥንቱ ቀድሞ ከተያያዘ ብረቱ ያርፋል፤ አጥንቱ ከዘገየና ጫናው ከበዛ ብረቱ ቀድሞ ይሰበራል ወይም ብሎኑ ይላላል። በሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ለእግር ስብራት የሚውለው ሳይን የተባለው በአጥንት ውስጥ የሚገባ ብረትም፣ የቀዶ ጥገና ክፍል ራጅ በሌለበት እንዲገባ ሆኖ የተዘጋጀ ከመሆኑ በቀር፣ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

የንስሐ አባት ሥራ በዚህ ጊዜ ይጀምራል። ቤተ ክርስቲያናችን ለታመመ ሰው ጾሙንም ስግደቱንም እንደ አቅሙ እንደምታደርግ ካህናት ያውቃሉ፤ ሕመምተኛው ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፤ በተለይ በዐቢይ ጾምና በሰሙነ ሕማማት ከሌሎች ጋር ይሰግዳል። የአንድ ቀን ስግደት አከርካሪን ብዙ ጊዜ አጥፎ መዘርጋት ነው፤ ለተሰፋ የተረከዝ ጅማትም እንዲሁ። ካህኑ ሳይጠየቅ ቀድሞ «ሐኪሙ እስኪፈቅድልህ ድረስ ራስህን ዝቅ በማድረግ ይሁንልህ» ቢለው ከማንኛችንም ምክር ይልቅ ይሰማዋል። ጸበልም ከመድኃኒት ጋር አይጣላም፤ ነገር ግን ጀሶ በውሃ ስለሚለሰልስና ያልዳነ የቀዶ ጥገና ቁስል መርጠብ ስለሌለበት፣ በእነዚያ ሳምንታት መጠጣቱና ፊትን መታበሱ ይበቃል።

ልጆች ላይ ቀስ በቀስ የሚመጣ ጉብጠት አንዱ ትልቅ ምክንያት የአከርካሪ ነቀርሳ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት ከ200 ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1779 ገልጾታል። ነቀርሳው የአጥንቱን የፊት ክፍል ይበላዋል፤ የኋላው ግን ይቆማል። ዓምዱ ወደ ፊት ይዘነበላል፤ በተዘነበለ ቁጥር የላይኛው አካል ክብደት ይበልጥ ወደ ፊት ስለሚርቅ መዘንበሉን ያብሰዋል። በልጅ ላይ ነቀርሳው ከዳነ በኋላ እንኳ ጉብጠቱ በዕድገት ዘመን ሊጨምር ይችላል። ለሳምንታት የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብ፣ ክሳት፣ በጀርባ መሐል የወጣች ትንሽ ጉብታ፣ የእግር መዛል የሚታይበትን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ያስፈልጋል። የነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት የጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል፤ ለአከርካሪ የሚሰጠው ከሳንባው የረዘመ ጊዜ ስለሚወስድ ግን እስከ መጨረሻው መውሰዱን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። በጊዜ ከተገኘ ብዙው ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል።

እጅግ የከፋ ጉብጠት ላይ የደረሱትን በተመለከተ፣ አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባ እየመረመሩ ብዙ ወጣቶችን በአክራ ወደሚገኘው፣ ጋናዊው ሐኪም ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ ወደ መሠረቱት ፎኮስ ሆስፒታል ልከዋል። በዚያ የሚደረገው ዝግጅት ትዕግሥትን ያስተምራል። በሕመምተኛው ራስ ዙሪያ አክሊል የመሰለ የብረት ቀለበት ይታሰርና በገመድና በክብደት ወደ ላይ ይሳባል፤ ክብደቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ እስከ ሰውነቱ ክብደት ግማሽ ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ለሳምንታትና ለወራት ይቆያል። በአንድ ቀን በኃይል ቢቃና ሕብለ ሰረሰሩ ይጎዳል፤ በቀስታ ሲሳብ ግን ሕያው አካል መለጠጥን ይቀበላል።

በቀስታ የማቃናት ነገር ከሁሉ ይልቅ ያማረው በሕፃናት ላይ ነው። ከአንድ ሺህ ሕፃናት አንዱ ገደማ ቆልማማ እግር ይዞ ይወለዳል። የስፔን ተወላጁ ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያዳበረው ዘዴ ዛሬ በመላው ዓለም፣ በአገራችንም በአዲስ አበባው ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታልና በሌሎችም ተቋማት ይሠራበታል። እግሩ በየሳምንቱ በእጅ በጥቂቱ እየተቃና በጀሶ ይያዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጀሶ ይበቃል። በመጨረሻም በብዙዎቹ ላይ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ስለት ይቆረጣል። ይቆረጣል ሲባል ወላጆች ይደነግጣሉ፤ ስለ ገበሬው ጣት ከላይ የተናገርነውን ያነበበም ይደነግጥ ይሆናል። የጨቅላ ጅማት ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ በጀሶው ውስጥ ረዝሞ መልሶ ይበቅላል፤ ለዚህም ነው ስፌት እንኳ የማያስፈልገው።

ሕክምናው ቢጀመር የሚመረጠው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ ካህኑ የሕፃኑን ባዶ እግር ያያል፤ ሜሮንም ይቀባዋል። በአጥቢያው የሚወለደውን ሕፃን ሁሉ እግር እንደ ካህኑ የሚያይ ሰው ያለ አይመስለንም። እግሩ ወደ ውስጥ የታጠፈ ከሆነ እናቲቱን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ይህ የማንም ኃጢአት ወይም የእርግዝና ጥፋት እንዳልሆነ፣ ሊድን እንደሚችልም ነግሮ፣ በገሱባ ባለው የጤና ተቋም በኩል ወደ ሶዶ እንድትላክ ማድረግ ይችላል።

ጀሶው ካለቀ በኋላ በብረት የተያያዘ ልዩ ጫማ ይታዘዛል፤ ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ አራት ዓመት ዕድሜ በእንቅልፍ ሰዓት። እግሩ አሁን ቀጥ ያለ ስለሚመስልና ልጁ ስለሚያለቅስ ቤተሰብ ጫማውን የሚያወልቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ እግሩ ተመልሶ የሚታጠፈውም እንዲሁ። ልጁ ሲያድግ ጫማው ይጠብበታል፣ በሰፊ ይቀየራል፤ ለዚያም ደጋግሞ መጓዝ ያስፈልጋል። ሰበካ ጉባኤው በመዝገቡ ላይ የሕፃኑን ስም ከጻፈ፣ ከስሙ አጠገብ የቀጣዩን ቀጠሮ ቀን ይጻፍ፤ የመጓጓዣውንም ገንዘብ እስከ አራተኛው ዓመት ድረስ ይያዝለት።